ሞተሩን አጥፋና እንጸልይ

ሰመራ ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ሌላ አገር ቀትር ማለት ነው። ፒክአፗን ቀድሜ አስነሳለሁ፣ ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ፣ መሪዋ ለእጅ ወንበሯ ለጀርባ እስኪሆን ድረስ ጥላ ፈልጌ እቆማለሁ። ውስጧ ደህና መሆን ሲጀምር ሁለቱ አዛውንት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ከቤት ወጥተው ይገባሉ። በሮቹ ይዘጋሉ። ከዚያ ሴትዮዋ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አድርገው ሁልጊዜ ያንኑ ይሉኛል። «ሞተሩን አጥፋና እንጸልይ።»

ለምን እንደሚጠፋ አንድ ቀን ጠይቄያለሁ። ድምፁ ሐሳብ ይበትናል አሉኝ። «እግዚአብሔርን የሞተር ድምፅ ያስቸግረዋል እንዴ?» አልኳቸው፣ ቀልድ አስመስዬ። «እሱንስ አያስቸግረውም፤ የምቸገረው እኔ ነኝ» አሉ። አጠፋሁ።

ጸሎታቸው እንደኛ የተጻፈ አይደለም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በልባቸው የመጣውን ሁሉ ከጎረቤት ጋር እንደሚጫወት ሰው ይናገራሉ። ደግሞ በተራ ነው። የባልየው ተራ ሲሆን ደግ ነው፣ ቶሎ ይጨርሳሉ። የሴትዮዋ ሲሆን ግን ወዮልኝ። ለጎማው ይጸለያል። ወደ ጅቡቲ ለሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ይጸለያል። መንገድ ለሚያቋርጡ ግመሎች፣ ለምታነክሰው የዘበኛችን ፍየል፣ አሜሪካ ላሉት የልጅ ልጆች አንድ በአንድ ይጸለያል። «አሜን» ሲባል መኪናዋ ዳቦ ቤት ሆናለች፣ ሸሚዜ ከወንበሩ ጋር ተጣብቋል፣ ማቀዝቀዣውም ሥራውን እንደገና ከሀ ሊጀምር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ «ዛሬ ያንተ ተራ ነው» ይሉኛል። እኔ የባቡር ጣቢያ ልጅ ነኝ፤ አዋሽ ተወልጄ፣ አዋሽ ክርስትና ተነስቼ፣ አዋሽ ያደግሁ ኦርቶዶክስ። አባታችን ሆይን ሳልተነፍስ አንበለብለውና ቁልፉን አዞራለሁ። ሴትዮዋ ከኋላ፣ «ቆንጆ ነው፤ ግን አንተ ራስህ የምትፈልገው ነገር የለም?» ይሉኛል። ማቀዝቀዣ ነበር የምፈልገው።

የሞርሞን እምነት ሰዎች ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤታቸውን ዘግተው፣ በራሳቸው ወጪ የመጡ ሚስዮናውያን። ለስብከት አልመጡም፤ እንዲያውም መስበክ ተከልክለው ነበር። ሥራቸው መራመድ ላቃተው ሰው ዊልቸር ማደል ነው፤ እኔ ሾፌራቸውም አስተርጓሚያቸውም ነበርኩ። ከተማው ግን ይህን ሁሉ ማብራሪያ የሚሰማበት ትዕግሥት የለውም፣ «ጴንጤ ናቸው» ብሎ ተገላገለ። ሌላ ስም ያወጣላቸው አፋሩ ዘበኛችን ብቻ ነው። ባልየውን «ሼኹ» ይላቸዋል። «ወላሂ፣ ሲነሱ ዱዓ፣ ሲበሉ ዱዓ፣ ሲወጡ ዱዓ! በዱዓ እኮ እኔን በለጡኝ፣ ማሻአላህ» ይለኛል እየሳቀ። እሱ ምን አለበት፣ ይስቃል፤ የምነዳው እኔ ነኝ።

ቡና አይጠጡም፣ ሻይ አይጠጡም። ሎጊያ ቁርስ ቤት ስንገባ ባዶ ፍል ውሃ ያዛሉ፤ አሳላፊዋ በየጊዜው «ምን አሟቸው ነው?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። እንቁላሉ ይመጣል። ሾፌሮቹ ሁሉ ጉርሻቸውን አፋቸው ውስጥ አቁመው እያዩን፣ እኛ ሦስታችን አንገታችንን ደፍተን እንቁላሉን እናቀዘቅዛለን። እኔ አንድ ዓይኔን ገልጬ አያለሁ፤ የሚያውቀኝ ሰው መኖሩን ለማረጋገጥ። ሁልጊዜ አለ።

እሑድ ደግሞ ሳሎናቸው ቤተክርስቲያን ይሆናል። ባልየው በዚያ ሙቀት ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከረባት ያስራሉ። ከዳቦ ቤት የመጣ ተራ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ በትንንሽ ኩባያ ይቀዳሉ፣ ተንበርክከው ይባርኩታል፣ አንዳቸው ለሌላቸው ያቀብላሉ። ይዘምራሉ ደግሞ፤ የእሳቸው ድምፅ ወፍራም፣ የሚስታቸው ቀጭን፣ ሁለቱም ከዜማው ውጪ። እኔ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። ሰንበትን ላከብር አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ጥሩ ማቀዝቀዣ ያለው ሳሎኑ ብቻ ስለሆነ ነው።

በወሩ መጀመሪያ እሑድ ይጾማሉ። ጾም አውቃለሁ፣ የጾም ችግር የለብኝም፤ ሽሮ በልቶ መጾም ያባት ነው። የእነሱ ግን ውሃም የለበትም። ሰመራ ላይ፣ በግንቦት፣ በዚያ ዕድሜ! አንድ እሑድ ሴትዮዋ ከወንበር ሲነሱ ተንገዳግደው ግድግዳ ያዙ። ውሃ ይዤ ሮጥኩ። እጄን ገፋ አደረጉት።

«ማታ እጠጣለሁ» አሉ።

«ማታ ሳይሆን ሬሳ ቤት ነው የሚጠጡት!»

«ዛሬ የጾምነው ስለ አባትህ ነው» አሉኝ፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ።

በጣም ተናደድኩ። አባቴ ማንንም ውሃ አልከለከለም። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጌ አስቀምጬው ወጣሁ።

የአባቴን ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜውን ሙሉ የአሮጌው ባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ያለውን በእግሩ የሚያውቅ ሰው። ካቻምና አንድ ጠዋት ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ስትሮክ ነው አሉን። ከዚያ ወዲህ ባቡር ሰፈር ባለው ቤታችን አልጋው ላይ ነው። እናታችን የለችም፤ የምታስታምመው እህቴ ናት። ከብዙ መተኛት ጀርባው ቆሰለ። ቁስሉን የምትጠርግለት ነርስ አልሸፋፈነችልንም፤ ካልተቀመጠ፣ ከአልጋ ወርዶ አየር ካላገኘ፣ የሚገድለው ስትሮኩ ሳይሆን ቁስሉ ነው አለችን።

እኔ እንግዲህ መጋዘን ሙሉ ዊልቸር የማድል ሰው ነኝ። ላመጣልህ ነው ስለው አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ፈረንጆቹ ወንበሮቹን ሳይጸልዩባቸው አይሰጡም ተብሏል። ደግሞ እውነት ነው፤ ወንበር በሚታደልበት ሁሉ ይጸልያሉ።

«በስተርጅናዬ ሃይማኖቴን በወንበር አልለውጥም» አለኝ።

«አባዬ፣ ወንበር እኮ ነው!»

«ተጸልዮበታል?»

«ተጸልዮበታል፣ ግን...»

«እኮ!»

ንስሐ አባቱ ራሳቸው መጥተው፣ ወንበር ወንበር ነው፣ ችግር የለውም አሉት። «እርስዎም ደከሙ መሰለኝ» አላቸው። እንግዲያው አዝዬ ልውሰድህ፣ ቤተክርስቲያን ደጃፍ አየር ታገኛለህ አልኩት። «እንደ ሬሳ አልገባም። በሬሳነቴ ጊዜ መውሰዳችሁ አይቀርም» አለኝ። እህቴ ስልክ ስትደውል ሰላምታም ትታለች። «አንተ እዚያ ለአገሩ ሁሉ ታድላለህ፣ እኔ እዚህ ቁስል አጥባለሁ» ትለኝና ትዘጋዋለች። ስልኬ ሲጮኽ ልቤ ቀድሞ ይወርዳል፤ መንገድ ዳር አቁሜ ነው የማነሳው።

ከዚያ የጾም እሑድ በኋላ፣ ጀንበር ገብታ ውሃቸውን ከጠጡ ወዲያ፣ ሴትዮዋ አስጠሩኝ። «አባትህን እየጠራን ነው የምንጸልየው፤ ግን ‹የሾፌራችን አባት› ማለት ደስ አይልም። ስሙ ማን ነው?» አሉ። ለጸሎት የሚሰጥ ስም ሲባል እኛ ዘንድ አንድ ነው፤ የክርስትና ስም። አፌ እንደለመደው እሱን ሰጠኋቸው። ደጋግመው አጠኑት። በነጋታው መኪናዋ ውስጥ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከጎማውና ከዘበኛው ፍየል መካከል የአባቴን የክርስትና ስም በዚያ በተሰባበረ አነጋገር ስሰማ ጸጉሬ ቆመ። ያ ስም ለማንም አይነገርም። የሚያውቁት ንስሐ አባቱ፣ ሟች እናቴና እኛ ልጆቹ ብቻ ነን። ግን የወጣ ቃል በምን ይመለሳል? ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ተጠራ።

አዋሽ ላይ የሚታደል ዊልቸር ነበረንና የምንወርድበት ቀን ደረሰ። እኔ ብልሃት አሰብኩ። መጋዘኑ ውስጥ ጸሎት ሳይጀመር አንዱን ወንበር ነጥዬ ቀድሜ ጫንኩት። «ይህ ያልተጸለየበት ነው፤ ማርያምን» ብዬ ለአባቴ መማል እንድችል ነው። ጭኜ፣ ሸራ አልብሼ፣ ገመድ አስሬ ወደ መሪዬ ስገባ ሴትዮዋ ትከሻዬን ነኩኝ። ሞተሩን አጠፋሁ። የዕለቱ ጸሎት «በዚህ መኪና ላይ የተጫነውን ሁሉ» ብሎ ጀመረ። በጅምላ ተጸለየበት።

ሚሌ ኬላ ላይ ነዳጅ ቀድተን ልንነሳ ስንል እንደገና ጸሎት ሆነ። ፖሊሱ መታወቂያ ሊጠይቅ መስኮቱን ቢያንኳኳ ሦስት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። «ምን ሆናችሁ? ሞታችኋል?» አለ። ባልየው ሳይገልጡ ጣታቸውን ከፍ አድርገው «አንድ ጊዜ» አሉት። ፖሊሱ እኔን አየኝ። እኔም አንድ ዓይኔን ብቻ ገለጥኩለት። ፀሐይ ላይ ቆሞ «አሜን»ን ጠበቀ።

ገዋኔ ስንደርስ አላስቻለኝም፣ መንገድ ዳር አቆምኩ። «አንድ ነገር ልለምናችሁ» አልኳቸው። «አባቴ ቤት ስንገባ ጸሎት የለም። ስትገቡም፣ ስትወጡም፣ ውሃ ስትጠጡም። ጭራሽ። እጃችሁንም እንዳታጣጥፉ። ከጸለያችሁ ወንበሩን አይቀበልም፣ ካልተቀበለ ይሞታል።»

ተያዩ። ከዚያ ባልየው በትሕትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ከባድ ነገር ነው የጠየቅኸን። እስቲ እንጸልይበት» አሉ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን ነቅዬ ወጣሁ፣ በሩን ወርውሬ ዘጋሁት፣ የፊት ጎማውን በእርግጫ መታሁ፤ ያንን የተጸለየለትን ጎማ። ፍየል ሊሸጥ ወደ ገበያ የሚነዳ ሰውዬ ቆሞ አየኝና መንገዱን ቀጠለ። ተመልሼ ስገባ ዓይናቸውን ገልጠው ይጠብቁኛል። «በአባትህ ቤት ሕጉ የአባትህ ነው፤ አንጸልይም» አሉኝ ሴትዮዋ። ሞተሩን አስነሳሁ፣ አዋሽ እስክንደርስም አላቆምኩም።

እህቴ አባቴን አጥባ፣ ነጭ ሸሚዝ አልብሳ፣ ትራስ አስደግፋ ጠበቀችን። ከስቷል። አንገቱ ከኮሌታው ውስጥ የሌላ ሰው መስሎ ነበር። ወንበሩን ዘርግቼ አልጋው አጠገብ አቆምኩት። በአንድ ዓይኑ አየው፣ ወዲያው ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ፈረንጆቹ ቃላቸውን ጠበቁ። ጠበቁ ስል፣ ማየቱ ራሱ ያሳዝን ነበር። ባልየው እጃቸው እንዳይጣጠፍ ኪሳቸው ውስጥ ከትተውታል። እህቴ ለስላሳ ከፍታ ሰጠቻቸው። ጠርሙሱን ይዘው ተያዩ፣ ወደ መሬት አዩ፣ ወደ በሩ አዩ፣ በመጨረሻ እንደ ሌባ ተሽቆጥቁጠው ተጎነጩ። እኔ ላብ ጠምቆኛል። አሁን ደህና ሁን ብለው ቢወጡልኝ፣ እኔና አባቴ እንነጋገር ነበር።

ሴትዮዋ ግን ሳይሰናበቱ መውጣት ነውር መሰላቸው። ወደ አልጋው ጠጋ አሉ፣ ደህናውን እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ መንገድ ላይ ሲያጠኑት የመጡትን አማርኛ አወጡ። «እንደምን ዋሉ» አሉ። ቀጥለውም ስሙን ጠሩት። የሚያውቁለት ስም አንድ ብቻ ነው፤ የክርስትና ስሙን።

እህቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባቴ ሴትዮዋን ትክ ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ እኔን።

«ይቺ ሴትዮ ስሜን ከየት አመጣችው?»

አለቀ፤ የያዝኩት ሁሉ ከእጄ ወደቀ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት» አልኩ። «ይጸልዩልሃል። ጠዋት ጠዋት፣ መኪና ውስጥ። አንድ እሑድ ውሃ ሳይቀምሱ ጾመውልሃል። በቃ፣ እውነቱ ይኸው። ወንበሩም ተጸልዮበታል። ሸሽጌ ጭኜው ነበር፣ ከነመኪናው ጸለዩበት። ተጸልዮበታል፣ አባዬ! ጎማው ተጸልዮበታል፣ ነዳጁ ተጸልዮበታል፣ አሁን የፈለግኸውን በለኝ።»

አልጮኸም። እጁንም ከሴትዮዋ እጅ አልነጠቀም።

«ስለ ምን ብላ ነው የምትጠራኝ?»

«ከአልጋ እንድትወርድ።»

«ጠዋት ጠዋት?»

«ጠዋት ጠዋት።»

«አንተስ?» አለኝ።

«እኔ ምን?»

«በዚያ ስም ጠርተኸኝ ታውቃለህ? ለእሱ።» በአገጩ ወደ ላይ አመለከተ።

«እኔ ወንበር አመጣሁልህ!»

«ወንበሩንማ አየሁት። የጠየቅሁህ ሌላ ነው።»

ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ የጠፋ ሞተር፣ እኔ የእጅ ሰዓቴን ሳይ ነው የከረምኩት።

«እንግዲያው አሁን ጥራኝ» አለ አባቴ። «እዚሁ፣ እየሰማሁህ። ከዚያ እንተያያለን።»

«አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር...» ብዬ ጀመርኩ፣ ላንበለብለው።

«እሱን እኔም አውቀዋለሁ» አለኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። እጄ ሳላዘው ደረቴ ላይ ተጣጠፈ። «ጌታ ሆይ» አልኩ፤ ድምፄ ግን የጸሎት አልነበረም፣ የጠብ ነበር። «እኔ ደክሞኛል። እነዚህ ሰዎች በጸሎት ሊገድሉኝ ነው፣ አባቴ ደግሞ በእልህ ሊሞትብኝ ነው። ለማላውቀው ሰው ሁሉ ወንበር ሳድል የገዛ አባቴ ጀርባው እየተበላ ነው። እህቴ እጇ በሳሙና አለቀ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ዛሬ ነው፣ ዛሬ ነው እያልኩ ነው የማነሳው። ቄስ ቢነግረው አይሰማም፣ ነርስ ብትነግረው አይሰማም፤ አንተ ከቻልህ አንተ ንገረው።» ስሙን ጠራሁት፤ ያንን የክርስትና ስም። «አትውሰድብኝ። ገና አልጠገብኩትም።»

«አሜን» ማለት እንኳ አቃተኝ። ዓይኔን ስገልጥ ፈረንጆቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ከተናገርኩት አማርኛ ከስሙ በቀር የገባቸው የለም፤ መጨረሻውን እየጠበቁ ነው። እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ይዛለች። አባቴ ጣሪያውን እያየ ነው።

«አሜን» አለ።

«አሜን» አሉ ፈረንጆቹ ተቀብለው፣ እንደተለቀቀ እስረኛ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔን አላየኝም፤ ወደ እህቴ ዞረ። «ምን ታለቅሻለሽ? ይልቅ ጫማዬን አምጪ» አላት። «በባዶ እግሬ ደጅ አልወጣም።»

ከታመመ ወዲህ ጫማ ጠይቆ አያውቅም። የት እንደገባ ማን ያውቃል! እህቴ እንባዋን ሳትጠርግ አልጋው ሥር ልትፈልግ ተንበረከከች። ሴትዮዋ ይህን ሲያዩ ገና ጸሎት ያለ መስሏቸው፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ፣ እያቃሰቱ፣ እሳቸውም አጠገቧ ተንበረከኩ።

ጫማውን ያገኙት እሳቸው ናቸው።